ፎጣ የተወረወረበት ሻምፒዮን ስንተኛ ነው?

ደረጃ ማውጣት ሙያዬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ከተመረቅሁ ጀምሮ ኡራኤል አካባቢ በሚገኝ አንድ የምግብ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄትና የምግብ ዘይት ስመረምር ኖሬያለሁ። አንዱን ናሙና አንደኛ ደረጃ፣ ሌላውን ሦስተኛ ብዬ ስፈርም አላመነታም፤ መለኪያው እኔ ወደ ጠረጴዛው ከመቅረቤ በፊት ተጽፎ የተቀመጠ ነውና። መለኪያ ሳይሰጠኝ ደረጃ እንዳወጣ የተጠየቅሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ናሙናው ዱቄት አልነበረም፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ቀበቶውን ያጣ የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። የጠየቁኝም ስለ ቦክስ ሊነጋገሩ የመጡ ሰዎች አልነበሩም። እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ካዛንቺስ ከቤታችን የተገኙ ሽማግሌዎች ነበሩ።

አባቴ በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። ይህን በቤታችን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን የአንድን ሰው የትውልድ አገር በምናውቅበት መንገድ ነበር። ስሙን ሰምተናል፣ ሄደን አላየነውም። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ የራሱ ቡድን ነበረው፤ አባቴ በከባድ ሚዛን ይጋጠም ነበር፤ አንድ ቀን ተወው። እኔ የደረስኩበት አባቴ ቀኑን ሙሉ በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጽ የሚውል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ በትልቅ መዳፉ አፉን የሚሸፍን ሰው ነው።

አንድ የልብ ጓደኛ ነበረው። ከቤታችን ከፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ጠባብ ክፍል ይዘው ሱፍ የሚሰፉ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የሁለቱ ወዳጅነት ከፋብሪካው ዘመን የመጣ ነው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ያንን ሻምፒዮን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ እየተከታተሉ፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣም እየተቀባበሉ አድገዋል። ስሙን አይጠሩትም፤ «ሰውዬው» ነው የሚሉት። ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶግራፉ ከጋሼ የስፌት መኪና በላይ ተለጥፎ ነበር፤ ፀሐይ በልታው ጓንቱና ፊቱ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘዋል።

በዚያች ክፍል ውስጥ የታላላቆቹን ከባድ ሚዛኖች ደረጃ ማውጣት የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ደንበኛ ሳያስበው ዳኛ ሆኖ ይወጣል። ቀበቶውን ለስንት ጊዜ ጠበቀው፣ ከእነማን ጋር ተጋጠመ፣ ሲመታ እንዴት ቆመ፣ በዝረራ ያሸነፈው ይበዛል ወይስ በነጥብ፤ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በብረት ካውያው እንፋሎት ውስጥ ይብላላሉ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥግ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማ ነበር። አንድ ነገር ግን ለክርክር ቀርቦ አያውቅም፤ ሰውዬው አንደኛ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነበር።

ችግሩን ያመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ በሰፈራችን የነበረው ቪዲዮ ቤት የጥንት ግጥሚያዎች የተቀዱበት ካሴት አገኘ። ሰውዬው ቀበቶውን ያጣበት የመጨረሻ ግጥሚያም በውስጡ ነበረ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴና ጋሼ ስለዚያ ግጥሚያ የሚያውቁት ጋዜጣ የጻፈውን ያህል ነው፤ ውድድሩ ተቋርጦ ተሸነፈ። ማን እንዳቋረጠው ግን አልተጻፈም። አባቴ ዳኛው በደለው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህን እምነት ከሃያ ዓመት በላይ ይዞት ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን ሄድን። በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ከነበሩት ተመልካቾች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊልሙ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ ሰውዬው ይመታል፣ ይመታል፣ አይወድቅም። ከዚያ ሁለት ዙር ብቻ ሲቀረው ከራሱ ጥግ፣ ውሃና ፎጣ ይዞ ከቆመለት ከራሱ ሰው እጅ፣ አንድ ነጭ ፎጣ በገመዱ ላይ በርሮ ገባ። ከጥግ የተወረወረ ፎጣ እጅ መስጠት ነውና ዳኛው እጁን አነሳ። አለቀ።

አባቴ ብድግ አለ። ከኋላችን የነበሩ ወጣቶች፣

«አባባ፣ ጋረዱን እኮ፤ በቃ ቁጭ ይበሉ» አሉት። አልሰማቸውም።

ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ተመለስን። ጋሼ በሩን ከፍተው ካውያውን ሰኩና ከጀመሩት ኮት ላይ መርፌ ይነቅሉ ጀመር። አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ፣

«አንደኛ ነው» አለ። «ያልወደቀ ሰው ተሸነፈ አይባልም። የተሸነፈው ጥጉ ነው።»

«አራተኛ ነው» አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

«ስንተኛ?»

«አራተኛ። ዛሬ በዓይኔ አየሁት።»

«ትናንት አንደኛ አልነበረም እንዴ?»

«ትናንት አላየሁትማ።»

«ያንን ፎጣ የወረወረው ሰውዬ ፈሪ ነው» አለ አባቴ።

ጋሼ መርፌዎቹን አንድ በአንድ በትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ ሰክተው ጨረሱ። «ፈሪ ነው?»

«ፈሪ ነው።»

«እንግዲያው ደህና ዋል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። አባቴ ወደ ሥራ የሚሄድበትን መንገድ ለውጦ በታችኛው በኩል መዞር ጀመረ። በእድር ስብሰባ አንዱ በበሩ በኩል ሲቀመጥ ሌላው በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል። እናቴ በፋሲካ ልታስታርቃቸው ሞክራ ሁለቱም በየቤታቸው «እኔ ምን አደረግሁት?» ብለው መለሷት። እኔ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የማየው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ባሕር ማዶ ስላለና ስለ እነሱ መኖር እንኳን ሰምቶ ስለማያውቅ ሰው፣ ሰላምታ ሲነፋፈጉ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ስለዚህም ለእጮኛዬ አላወራሁለትም።

እጮኛዬ የላቦራቶሪያችንን መሣሪያዎች ሊጠግን የሚመጣ መሐንዲስ ነበር፤ ቤታቸው ወሎ ሰፈር ነው። ስለ ቦክስ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሰዎች ጓንት እንደሚያደርጉ ብቻ ነው። በሥራው ግን ጠንቃቃ ነው፤ ሽማግሌ የሚልክበት ጊዜ ሲደርስ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ጉዳዩን ከሥሩ ለማጥናት ፈለገ። ለእኔ ሳይነግረኝ ካዛንቺስ መጥቶ ከሱቅ ሱቅ፣ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት እየጠየቀ አባቴ ማንን እንደሚሰማ አጣራ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡት፤ «ልብስ ሰፊውን ከያዝክ በሩ ተከፈተ በለው። አንድ ነፍስ ናቸው።» ሰዎቹ አልዋሹም፤ የሃያ ዓመቱን ነበር የነገሩት፣ የመጨረሻውን ዓመት አላወቁም። እጮኛዬም ሄዶ ለመናቸው። ጋሼ ካውያውን ሲመለከቱ እንደቆዩ፣ ከዚያም «ለሽምግልና ተጠርቶ እምቢ አይባልም» እንዳሉት በኋላ ነግሮኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የእጮኛዬ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት የሚሠሩት የእናቱ ወንድም፣ ከኋላ ደግሞ ጋሼ። ልጅቷ በሽማግሌ ፊት አትቀመጥምና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በጓዳ ነበርኩ። እጮኛዬ ኡራኤል አንድ ኬክ ቤት ተቀምጦ ውጤቱን ይጠብቃል። በመጋረጃው ክፍተት በሩ ሲከፈት፣ አባቴ ፊቱ ሲፈካ፣ ከዚያም ሦስተኛውን ሰው ሲያይ ፊቱ ሲዘጋ አየሁ።

«አባ፣ ይቀመጡ» አለ። ወደ እጮኛዬ አጎት ዞሮ፣ «እርስዎም ይቀመጡ።» ከዚያ ግድግዳውን እያየ፣ «እሳቸውም ከፈለጉ ይቀመጡ።»

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ጋሼን አንተ ሲል ነው የኖረው። እናቴ ሳሎን ውስጥ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ቄሱ እንደ ደንቡ፤ ሦስቱም ቆመው ቀሩ። አጎትየው ንግግራቸውን አዘጋጅተው ስለመጡ ሳይደናቀፉ ተናገሩ። ልጃቸው ለአቅመ አዳም መድረሱን፣ ሥራ መያዙን፣ የእኛን ቤት ልጅ ማየቱን፣ ልጅ ሰጥተን ልጅ እንድንቀበል መጠየቃቸውን አስረዱ። በመጨረሻም «ልጃችንን በተመለከተ የራስዎ የቅርብ ወዳጅ ይመሰክሩልናል» ብለው ወደ ጋሼ ዞሩ።

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። «ልጁን አይቼዋለሁ» አሉ። «ጨዋ ነው። ሲናገር የሰው ዓይን ያያል። ሥራውን አጣርቻለሁ፣ ቤተሰቡንም አጣርቻለሁ። የእኔ ልጅ ብትሆን እሰጠው ነበር።»

አባቴ ለቄሱ ነው የመለሰው። «አባ፣ አይቆጡኝ። የእሳቸውን ምስክርነት ለመቀበል ይቸግረኛል።»

«ምነው?»

«ሰው መመዘን አይችሉም። አንደኛውን አራተኛ የሚሉ ሰው ናቸው።»

አጎትየው ደነገጡ። «ኧረ በስመ አብ! ልጃችን አራተኛ ወጥቶ አያውቅም። ማለቴ፣ ካርዱን ላመጣ እችላለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም።»

«ስለ እሱ አይደለም፣ ጌታዬ» አለች እናቴ። «ስለ ቦክሰኛ ነው።»

«ልጁ ቦክሰኛ ነው እንዴ?» አሉ ቄሱ።

«የለም አባ። ሁለቱ የተኳረፉበት ቦክሰኛ አለ። የውጭ አገር ሰው ነው።»

«ዘመዳችሁ ነው?»

«ዘመድ ቢሆንማ በለቅሶው ይታረቁ ነበር።»

ቄሱ አባቴን አዩ፤ ጋሼን አዩ። «ሲመጡ ለምን አልነገሩኝም?» ብለው ጋሼን ጠየቁ።

«በሩ ከተከፈተ ይበቃል ብዬ ነው አባ።»

«አይበቃም» አሉ ቄሱ። ድምፃቸው አልተቆጣም። «ቂም ይዞ ሽምግልና አይቆምም። የተጣሉትን ሰው ልጅ ሊለምኑ መጥተው ምርቃቱ እንዴት ይደርሳል? ወይ አሁን ትታረቃላችሁ፣ ወይ ሽምግልናው ፈርሶ በመጣንበት እንመለሳለን።»

«አባ፣ እኔ የፈረሰ ሽምግልና ይዤ እህቴ ፊት አልቀርብም» አሉ አጎትየው። «እሷ መጀመሪያም ከእኛው ሰፈር ያግባ ስትል ነበር። ዛሬ ባዶ እጃችንን ከተመለስን ሁለተኛ ሽማግሌ አትልክም። እኔ አውቃታለሁ።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እጮኛዬ እናቱ እያመነቱ እንደሆነ ሸሽጎኝ ነበር። ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ቆሜ፣ አግብቼ የምኖረው ኑሮ በአንድ ባልረገጥኩት አዳራሽ ውስጥ በተወረወረ ፎጣ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይህ ቆሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም» አሉና ወንበር ጠየቁ። ሁሉም ተቀመጡ። «እስኪ ሰውየው አንደኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?»

አባቴ ለዓመታት ያዘጋጀው ነገር ነበረው። ቀበቶውን ረጅም ጊዜ እንደያዘ፣ ማንንም ፈርቶ እንዳልሸሸ፣ ከወደቀም ዳኛው ቆጥሮ ሳይጨርስ እንደሚነሳ ተናገረ። «ከባድ ሚዛን ማለት መምታት ብቻ አይደለም አባ። ትልቅ ሰው ሲወድቅ ከሁሉም በላይ ነው የሚከብደው። እሱ ያንን ክብደት ተሸክሞ ይነሳ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«ረጅም ጊዜ ይዞታል፤ አልክድም» አሉ ጋሼ። «ግን ከነማን ጋር ነው የተጋጠመው? ግማሾቹ ያረጁ ነበሩ።»

«ያስረጃቸው እሱ ነዋ» አለ አባቴ። በዓመት ውስጥ ለጋሼ በቀጥታ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«በመጨረሻውስ ግጥሚያ? ደወሉ ሲመታ ወደ ተጋጣሚው ጥግ ነው የሄደው። አይተሃል አይደል? የራሱን በርጩማ አላወቀውም።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሁለት ዙር ነበር የቀረው።»

«አንተም ሁለት ዙር ነበር የቀረህ» አሉ ጋሼ።

እናቴ ትሪ ይዛ ወደ ጓዳ እየመጣች ነበር፤ መጋረጃው ላይ ቆመች። ፊቷን ሳይ አዲስ ነገር እንዳልሰማች ገባኝ፤ አዲስ ነገር የሰማሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ቦክስን «አንድ ቀን ተወው» ሲባል የሰማሁት ያ «አንድ ቀን» ይህ ነው። በመጨረሻ ግጥሚያው ሁለት ዙር ሲቀረው ከጥጉ ፎጣ ተወረወረበት፤ የወረወሩት ውሃውን ይዘው የቆሙለት ጋሼ ናቸው። ከዚያ በኋላ አባቴ ጓንት አላጠለቀም። ሁለቱ ግን ያንን ቀን አንድም ጊዜ ሳያነሱ፣ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ሌላ ሰው እያወሩ ሃያ ዓመት ኖሩ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያ ነጭ ፎጣ ሲበር አባቴ ለምን እንደተነሳ፣ ጋሼም ለምን ቀና እንዳላሉ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አሸንፍ ነበር» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ምናልባት» አሉ ጋሼ።

«ምን አልክ?»

«ምናልባት ታሸንፍ ነበር። እኔ ፎጣውን የወረወርኩት ትሸነፋለህ ብዬ አይደለም። ስምህን ስጠራህ ሌላ ሰው እንደጠራሁ ሆነህ ነው ያየኸኝ። ማየት አልቻልኩም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ያን ዕለት አልቀህ ነበር ብለኸኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልክ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ? አልቀህ ነበር ካላልኩህ ድልህን ሰርቄሃለሁ ማለት ነው።»

አባቴ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ፤ እየሳቀ ግን አልነበረም። ቄሱ ብዙ ጊዜ ሰጡት። ከዚያ ብድግ አሉና መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ይቅር ተባባሉ» አሉ። ሁለቱ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙ። የመጋረጃው ጨርቅ በእጄ ተጨማትሮ ነበር፤ ለቀቅሁት።

«እንግዲህ» አሉ ቄሱ ሲቀመጡ፣ «ሰውየው አራተኛ የሆነው ለዚህ ነበር ማለት ነው?»

«የለም አባ» አሉ ጋሼ። «አራተኛ የሆነው አራተኛ ስለሆነ ነው።»

«አንደኛ ነው» አለ አባቴ።

«ይቅር ብለሃል እኮ» አለች እናቴ።

«ይቅር ብያለሁ። ደረጃውን ግን አልለቅም።»

አጎትየው ሰዓታቸውን አዩ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «ቂሙ ቤቱን የሠራው እዚያ ደረጃ ውስጥ ነው» አሉ። «እዚያው ከተውነው ነገ ተመልሶ ይገባበታል። ይህን ነገር የሚያውቅ የሦስተኛ ወገን ዳኛ የለም?»

«ልጅቷ አለች» አለች እናቴ። «እዚያው ስፌት ቤት ስትሰማው ነው ያደገችው። ሥራዋም ደረጃ ማውጣት ነው።»

«የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌ ስትፈርድ አይቼ አላውቅም» አሉ አጎትየው።

«እኔም አላየሁም» አሉ ቄሱ። «ትምጣ።»

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ፣ መስቀል ተሳለምኩ፣ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ። ቄሱ ፊቴን አይተው፣ «ልጄ፣ ሁለት ጥያቄ አለብሽ» አሉ። «ይህን ልጅ ለትዳር ትፈልጊዋለሽ ወይ? ሁለተኛው፣ ያ ቦክሰኛ ስንተኛ ነው?»

«የቱን ላስቀድም አባ?»

«የሚቀልሽን።»

«ልጁን እፈልገዋለሁ» አልኩ።

እናቴ ፊቷን አዞረች። ለሁለተኛው ጥያቄ ጊዜ ወሰድኩ። ሽማግሌ ፊት መቆሜን ሳልረሳ፣ በላቦራቶሪ እንደማደርገው መለኪያዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ቀበቶውን በያዘበት ዘመን ርዝመት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የተጋጣሚዎቹ ጥንካሬ እኩል አልነበረም፤ በዚህ የጋሼ ቃል ሚዛን ይደፋል። አወዳደቁንና አነሣሡን በተመለከተ አባቴ እውነቱን ነው። «ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ግን» አልኩ፣ «ሁላችሁም ይቅርታ አድርጉልኝ። ያልተካሄደ ዙር ለማንም አይቆጠርም። ያሸንፍ ነበር ተብሎ አይጨመርለትም፣ አልቆ ነበር ተብሎም አይቀነስበትም። ያልመጣልኝን ናሙና አልፈርምበትም።»

«ስለዚህ?» አለ አባቴ።

«ሁለተኛ ነው።»

«ሁለተኛ» አሉ ጋሼ፣ ቃሉን እንደ ጨርቅ በጣታቸው የሚያሹት ይመስል። አባቴም ሊቀበለው የተቃረበ ይመስል ነበር። ከዚያ ግን፣

«አንደኛው ማነው?» አለ።

ነገርኳቸው። በእኛ ዘመን በቴሌቪዥን ያየነውን፣ በረጅሙ ግራ እጁ ርቀት እየጠበቀ፣ ሳይቸኩል በነጥብ የሚያሸንፈውን ሰው ስም ጠራሁ።

ሁለቱ ተያዩ።

«ያ?» አለ አባቴ።

«ያ የሚሸሸው?» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ ያ እኮ ቦክሰኛ አይደለም፤ ሯጭ ነው።»

«ከእኛ ሰውዬ ጋር ቢገናኝ ሁለተኛውን ዙር አያይም ነበር።»

«ሁለተኛውን? የመጀመሪያውን ደወል ሰምቶ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።»

«ልክ ነህ።»

«በነጥብ! ከባድ ሚዛን በነጥብ ሲያሸንፍ እኔ አፍርለታለሁ።»

«ዩኒቨርሲቲ ነው የላክናት» አለ አባቴ ለቄሱ፣ እንደ ማዘን ብሎ።

«ቆዩ» አሉ ቄሱ እጃቸውን አንሥተው። «የናንተ ሰውዬ ከዚያኛው ይበልጣል፤ በዚህ ትስማማላችሁ?»

«በዚህማ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ይበቃኛል» አሉ ቄሱ።

ታሪኩን የሰሙ ሰዎች ሆን ብለሽ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ ሁለቱን በጋራ ለማስቆጣት፣ በጋራም ለማስታረቅ ያሰብኩት ብልሃት ይመስላቸዋል። አይደለም። ያመንኩበትን ነው የተናገርኩት። ያኔ አግዳሚ ላይ ተጋፍተን ያየነውን ዛሬ ሰው በስልኩ ይከፍተዋል፤ እኔም ባለፉት ዓመታት የሁለቱንም ቦክሰኞች ግጥሚያዎች ጎተራ አካባቢ ባለው ቤታችን ሆኜ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። በነጥብ ማሸነፍ ማለት እያንዳንዱን ዙር ለየብቻው ማሸነፍ ነው፤ ይህ ከአንድ ከባድ ቡጢ ያነሰ የሚመስለን ድምፅ ስለሌለው ብቻ ነው። ርቀትን መጠበቅ ፍርሃት አይደለም፣ ዕውቀት ነው። የሰውዬው የማይነካ ነገር ቢኖር ከወደቀበት አነሣሡ ነው፤ ያን ያህል ከባድ ሆኖ ያን ያህል የተነሣ ሰው አላየሁም። ቢሆንም ሁለተኛ ነው። ፍርዴን አልቀየርኩም።

ሽማግሌዎቹ ለመሄድ ተነሡ። በመጀመሪያ ጥየቃ እሺ ማለት ደንብ አይደለምና አባቴ ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ከቤተሰብ ጋር እመክራለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አለ። አጎትየው ሲጨነቁ ቄሱ ክንዳቸውን ይዘው ወደ በሩ መሯቸው።

«አንተ ቆይ እንጂ» አለ አባቴ ለጋሼ።

«ሽማግሌ ተለይቶ ይቀራል እንዴ?» አሉ ጋሼ። «አብሬ መጣሁ፣ አብሬ እወጣለሁ።»

እንዳሉትም ሁለቱን አጅበው እስከ ዋናው መንገድ ወጡ፣ ታክሲ አሳፈሯቸው፣ ጥቂት ቆይተውም በጓሮው በር፣ ሳያንኳኩ፣ ጫማቸውን እየጠረጉ ገቡ። አባቴ ወንበራቸውን ከራሱ ጎን አዙሮ አስቀምጦ ነበር።

«ልጅቷ ትምጣና ስለዚያ ሯጭ ታስረዳን» ሲሉ እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር። እናቴ በዓይኗ ሂጂ አለችኝ።

ኬክ ቤቱ ስደርስ እጮኛዬ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ያለው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ምን አሉ?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ።»

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ለምን ይህን ያህል ቆዩ? የሆነ ችግር ነበር እንዴ? ልብስ ሰፊው አልረዱኝም?»

«ረድተውሃል» አልኩ። «ሄደህ የሠርግ ሱፍህን ልታስለካ ትችላለህ።»

ለአፍታ ያህል የምለውን ያጣራ ጀመር፤ ልማዱ ነው። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። ከፊቱ ተቀመጥኩና ነጠላዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁ።

«ስለ ከባድ ሚዛን ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ግዴለም» አልኩ፣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ አስተምርሃለሁ። አንደኛው ማነው ብለው ሲጠይቁህ ግን የእኔን መልስ እንዳትመልስ።»